ወላጆቻችንን በፍቅር ቁጭ አናድርጋቸው



 ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ወላጆች ሐቅ ነው። ስለ ወላጆች ሐቅ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ ግን ብዙም በማንነጋገርበት በኩል እንየው፦ ስለ እግራቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ወገባቸው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። ወንድም ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፤ እህት ዓረብ አገር ትሠራለች፤ ሌላው አዲስ አበባ ነግዶ ይሳካለታል። ገንዘብ መላክ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያስቡት ወላጆቻቸውን ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ኸይር ነው። ከተማ ውስጥ ቤት ይሠራላቸዋል። ሶፋ ይገዛል። የቤት ሠራተኛ ትቀጠራለች። የእንሰቱ ጓሮ ለዘመድ ይሰጣል፣ ላሟ ትሸጣለች። «እማዬ፣ ከእንግዲህ አትልፊ፤ የድካም ጊዜሽ አለፈ» ይባላል። አባት መስጂድ ሲሄዱም ባጃጅ በር ላይ ይቆምላቸዋል።

ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውሉ የነበሩት እናት ከሶፋው ለመነሳት እጅ የሚዘረጋላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ የነበሩት አባት የቤቱን ደረጃ መፍራት ይጀምራሉ። ጎረቤት «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላል፤ እኛም እንቀበላለን።

ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ይህ ሁሉ በእርግጥ እርጅና ነው? ወይስ ከፊሉ እኛ በፍቅር የገዛነው ሶፋ ያመጣው ነው?

*1. እርጅናና መቀመጥ አንድ አይደሉም*

እርጅና እውነት ነው፤ ማንም አያመልጠውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም አንቀጽ 54 ሰውን ከድካም እንደፈጠረው፣ ከድካም በኋላ ኃይል እንደሰጠው፣ ከኃይል በኋላም ድካምና ሽበት እንዳደረገ ይነግረናል። ስለዚህ ትምህርታችን «እርጅናን እናስቀር» የሚል አይደለም። የእርጅናን ድካም ከመቀመጥ ከሚመጣው ድካም እንለይ ነው የምንለው። የመጀመሪያው የአላህ ቀደር ነው፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው በእጃችን ያለ ነው።

ይህን ልዩነት በደንብ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በ1966 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ3 ሳምንት ከአልጋ ሳይነሱ እንዲቆዩ ተደረገ። የልባቸውና የሰውነታቸው የመሥራት አቅም በእጅጉ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው 5 ሰዎች 50 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ተመረመሩ። የተገኘው ውጤት ይገርማል፦ በወጣትነታቸው 3 ሳምንት መተኛታቸው ያደረሰባቸው የአቅም መውረድ 30 ዓመት ማርጀታቸው ካደረሰባቸው ይበልጥ ነበር። ከዚያም 6 ወር የእግር ጉዞና መሰል እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ዕድሜ የወሰደባቸውን የልብና የሳንባ አቅም መልሰው አገኙት። ሱብሓነላህ!

ለአረጋውያን ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በ2007 እ.ኤ.አ በወጣ ሌላ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 ዓመት የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሰዋል። አሥር ቀን ብቻ! አባታችሁ ጉንፋን ይዟቸው «አትነሱ፣ እዚሁ እናመጣልዎታለን» እየተባሉ ሁለት ሳምንት ሲተኙ ምን እንደሚያጡ ከዚህ ገምቱ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጡንቻ ካልተሠራበት ሰውነት «አያስፈልግም» ብሎ ያፈርሰዋል። ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ጡንቻ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። አጥንትም ሸክምና ኃይል ካላገኘ ይሳሳል። ምግብ ስንበላ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻ ሲያንስና ሥራ ሲፈታ የስኳር በሽታ በሩን ያገኛል። ሚዛን መጠበቅም እንደ ሒፍዝ ነው፦ ካልተከለሰ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በየዓመቱ ይወድቃል። ለአረጋዊ ሰው ደግሞ አንድ መውደቅ፣ አንድ የዳሌ ስብራት፣ ቀሪውን ዕድሜ ሊለውጠው ይችላል።

*2. ስፖርቱ ሥራው ውስጥ ነበር*

የሐዲያና የከምባታ እናቶች «ስፖርት» የሚል ቃል ሳያውቁ ነው ሰውነታቸውን ያጠነከሩት። እንሰት መትከል፣ መንቀል፣ ግንዱን መፋቅ፣ ቆጮውን መቅበርና መልሶ ማውጣት እጅን፣ ጀርባንና እግርን አንድ ላይ የሚያሠራ ከባድ ሥራ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ገበያ በእግር መሄድ ይጨመርበታል። አባቶች ያርሳሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ከብት ይከተላሉ፣ ለቅሶ ለመድረስ ዳገት ወጥተው ቁልቁለት ይወርዳሉ።

ይህን ስንል ያንን ድካም ማሳመራችን አይደለም። የገጠር ሥራ ወገብ ይሰብራል፣ ጉልበት ያበላሻል፤ ብዙ እናቶችም ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው ተጎድተዋል። እናታችሁን ከከባድ ሸክም ማሳረፋችሁ ትክክል ነው፤ አላህ ይቀበላችሁ። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ከባዱን ሸክም ስናነሳ ቀላሉንም እንቅስቃሴ አብረን አነሳነው፤ በምትኩ ምንም አላስገባንም። ከብዙ ሥራ ወደ ትንሽ ሥራ መሄድ ሲገባ ከብዙ ሥራ ወደ ምንም ዘለልን።

የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ አባቶችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በ60 ዓመት ጡረታ ይወጣሉ፤ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤት ይሆናል። ዛሬ ደግሞ አልሐምዱሊላህ ዕድሜ እየረዘመ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ ኢትዮጵያ ውስጥ አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ከጡረታ በኋላ 15 ወይም 20 ዓመት መኖር ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እነዚያን ዓመታት በራስ እግር ቆሞ ማሳለፍና በሰው እጅ ተደግፎ ማሳለፍ በጣም የተለያዩ ናቸው።

*3. «ጊዜው አልፏል» አይባልም*

«አባቴ 75 ዓመታቸው ነው፣ አሁን ምን ይጠቅማል?» የሚል ካለ ይህን ይስማ። በ1990 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ቦስተን በአንድ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው 10 ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት እግራቸውን የሚያጠነክር ክብደት የማንሳት ልምምድ እንዲሠሩ ተደረገ። በባለሙያ ክትትል ነው። የእግራቸው ኃይል በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። የ90 ዓመት ሰው!

ሌላም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ70 እስከ 89 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 1,635 አረጋውያን ተከታትሏል። ሁሉም እግራቸው መድከም የጀመረ ነበሩ። ግማሾቹ የእግር ጉዞን ከጥንካሬና ከሚዛን ልምምድ ጋር በመደበኛነት ሠሩ፤ ሌሎቹ የጤና ትምህርት ብቻ ወሰዱ። ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ከቆየ ክትትል በኋላ 400 ሜትር መራመድ ያቃታቸው ሰዎች ቁጥር በተንቀሳቀሱት ዘንድ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ነገር ግን 400 ሜትር መራመድ ማለት በእግር መስጂድ መድረስ፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ሱቅ ሄዶ መመለስ ማለት ነው። ነፃነት ማለት ነው።

*4. ምን ያህል ይበቃል?*

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሦስት ነገሮችን ይመክራል። ወደ እኛ ቤት እናምጣቸው።

አንደኛ፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ። ይህ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው፤ በአንዴ መሆን የለበትም። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ከዙህር በፊት 10፣ ከዐስር በኋላ 10 ቢሆንም ይሠራል። «ፈጠን ያለ» ሲባል ምን ያህል ነው? እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ ነሺዳ ወይም መንዙማ ለማውጣት ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች በቀስታ መጀመር ይሻላል። መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን፣ ቀጥሎ ትንሽ ዳገት።

ሁለተኛ፦ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ነገር። ጂም አያስፈልግም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ አስቀምጡ፤ አባባ እጃቸውን ሳይደገፉ፣ ካልቻሉም ተደግፈው፣ ይነሱ፣ በቀስታ ይቀመጡ። 5 ጊዜ ይጀምሩ፤ ሲቀላቸው 10 ይሁን። ሌላው፣ ግድግዳ ይዘው ተረከዝን ማንሳትና መመለስ ነው። ግድግዳ ላይ በሁለት እጅ ተደግፎ መገፋትም ለደረትና ለክንድ ይጠቅማል። ጓሮ ውስጥ ጎመን መኮትኮትም፣ ትንሽ ጀሪካን ውኃ ማንሳትም ከዚሁ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፦ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንን ከጥንካሬ ጋር የሚያለማምድ ነገር። ግድግዳ አጠገብ ቆሞ በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ መቆም፣ ከዚያ በሌላው። አንዱን እግር ከሌላው ፊት ልክ አስጠግቶ በቀጥታ መስመር መራመድ። ሲጀምሩ አጠገባቸው ቁሙ።

ይህን ሁሉ መፈጸም ለማይችል ሰውም መመሪያው በር አይዘጋም፦ ጥቂት እንቅስቃሴ ከምንም ይሻላል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ይሁን።

ክረምት ሲመጣ ጭቃው አስቸጋሪ ነው። ያኔ በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ይመላለሱ። ነጠላ ጫማ አንሸራትቶ ይጥላል፤ ተረከዝን የሚይዝ፣ ከታች የማያዳልጥ ጫማ ግዙላቸው። አዲስ በተሠሩት ቤቶቻችን የምናነጥፈው ሴራሚክ ሲረጥብ እንደ በረዶ ነው። ውዱእ የሚያደርጉበት ቦታ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍና በእጅ የሚያዝ ብረት አድርጉ፤ ለሌሊት መነሻ መብራት ይኑር። ይህ ከሶፋው ዋጋ ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ስለ ምግብም አንድ ቃል። ጡንቻ ከባዶ አይሠራም፤ ፕሮቲን ይፈልጋል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቆጮው ጋር አይብ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ ወይም ሽሮ እንዲኖር አድርጉ። እናቶች «እኔ በቃኝ፣ ለልጆቹ ስጡ» እንደሚሉ ታውቃላችሁ። በዚህ ላይ አትስሟቸው።

*5. ከመሬት መነሳት*

ሶላት ስፖርት አይደለም፤ ዒባዳ ነው። የምንሰግደውም ለጉልበታችን ብለን ሳይሆን ለአላህ ነው። ሆኖም በ5 ወቅት ሶላት ውስጥ 17 ረከዓ አለ፤ 17 ሩኩዕና 34 ሱጁድ። አንድ ሙስሊም በፈርዱ ብቻ በቀን 17 ጊዜ ወደ መሬት ወርዶ 17 ጊዜ ይነሳል።

ብራዚል ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆኑ 2,002 ሰዎችን መሬት ላይ ተቀምጠው በተቻለ መጠን ሳይደገፉ እንዲነሱ ጠየቀ። ከዚያ ለ6 ዓመት ገደማ ተከታተላቸው። ለመነሳት ብዙ ድጋፍ የፈለጉት በቀላሉ ከተነሱት ይልቅ በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከ5 እጥፍ በላይ ነበር። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ከመሬት መነሳት ብቻውንም ዕድሜ አይጨምርም። ነገር ግን ከመሬት መነሳት መቻል የጥንካሬ፣ የሚዛንና የመተጣጠፍ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወንበር እንነጋገር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዒምራን ኢብን ሑሰይንን (ረ.ዐ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ወንበር ላይ መስገድ ላልቻለ ሰው የአላህ ራሕመት ነው፤ ማንም በዚህ ሊያፍር አይገባም፣ ማንም ሊወቅስም አይገባም። ቅደም ተከተሉን ግን አስተውሉ፦ የሚጀምረው ከመቻል ነው። እኛ ግን አንዳንዴ አረጋዊው ሳይጠይቁ፣ ገና ሱጁድ ማድረግ እየቻሉ፣ ወንበር ሮጠን እናቀርብላቸዋለን። ቆመው ተክቢራ ማለትና መቆም እየቻሉ ሱጁዱ ብቻ የሚከብዳቸው አሉ። ለእነሱ መቆሙ ሳይቀር ወንበሩ ለሚከብዳቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ። ወንበሩን ከማቅረባችሁ በፊት ግን ራሳቸውን አባባን ጠይቋቸው።

*6. አህያውና ባጃጁ*

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) የአንድ ሰው ታሪክ ይነግሩናል። ሰውየው ቤቱ ከመስጂዱ እጅግ ይርቅ ነበር፤ ሆኖም ሶላት አያመልጠውም። በጨለማና በሐሩር የሚጋልበው አህያ እንዲገዛ ተመከረ። እሱ ግን መስጂድ አጠገብ መኖርን እንኳ እንደማይመኝ፣ ወደ መስጂድ መሄዱም ወደ ቤተሰቡ መመለሱም እንዲጻፍለት እንደሚሻ ተናገረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ያንን ሁሉ እንደሰበሰበለት አበሰሩ።

ወንድሞቼ፣ ባጃጅ ሐራም አይደለም! ለታመመ፣ ለደከመ፣ ለዝናብ፣ ለሌሊት ኒዕማ ነው። ነገር ግን አባታችሁ 10 ደቂቃ ተራምደው መስጂድ መድረስ እየቻሉ በየወቅቱ ባጃጅ ስታቆሙላቸው የእርምጃቸውን አጅርም፣ የእግራቸውን ጉልበትም አብራችሁ እየወሰዳችሁ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ወደ ቁባ መስጂድ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ ጋልበው፣ አንዳንዴ ተራምደው ይሄዱ ነበር። ሁለቱንም አድርገዋል።

ወላጆቻችሁን ሐጅ ወይም ዑምራ ለመላክ ያሰባችሁ ደግሞ ከቲኬቱ ጋር ይህንንም አስቡ። ሰባት ዙር ጠዋፍ፣ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጉዞ፣ ከዚያ የሚናና የዐረፋ መንገድ አለ። ለዓመታት ከሶፋ ያልተነሳ እግር በድንገት ይህን ሲጠየቅ ይጨነቃል። ከወራት በፊት በየቀኑ ማራመድ ጀምሩ።

*7. እንዴት እንነግራቸው?*

ሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 ላይ አላህ (ሱ.ወ) ወላጆች አጠገባችን ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው፣ እንዳንገላምጣቸው ያዘናል። ስለዚህ ይህን ትምህርት አንብባችሁ ቤት ገብታችሁ «ተነሺ፣ ተራመጂ፣ ቁጭ አትበይ» ብላችሁ ብታዝዙ አጅር ፍለጋ ሄዳችሁ ወንጀል ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ነገሩ ጥበብ ይፈልጋል።

በእኛ አካባቢ አንድ እንቅፋት አለ፦ የሰው አፍ። አረጋዊ ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ ላይ ሲራመዱ ቢታዩ «ልጆቹ ለባጃጅ እንኳ አይሰጡትም» ይባላል። እናት ጓሮ ሲኮተኩቱ ቢታዩ «ልጇ ውጭ አገር እያለ ትለፋለች» ይባላል። ወላጆችም ለልጆቻቸው ስም ሲሉ ይቀመጣሉ። መፍትሔው እርምጃቸውን ጉዳይ መስጠት ነው። «አባባ፣ ጁሙዓ አብረን በእግር እንሂድ፣ መንገድ ላይ የምጠይቅዎት ነገር አለኝ» በሉ። «እማዬ፣ የታመመችውን ጎረቤት አብረን እንጠይቃት» በሉ። ለቅሶ፣ እድር፣ ዚያራ፣ ገበያ ሁሉ እግር ያላቸው ጉዳዮች ናቸው። ለእናቶች አመቺው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ነው፤ ሴት ልጅ አብራ ብትወጣ መጫወቻቸውም ይሆናል። ግቢ ካለ ደግሞ ጓሮውን በሙሉ ለሠራተኛ አትስጡ፤ ሁለት መደብ ጎመንና ጥቂት እንሰት የእማዬ ይሁን። ከባዱን ሌላ ሰው ይሥራው፤ ትእዛዙና ቀላሉ ሥራ ግን የእሳቸው ይሁን።

ውጭ ያላችሁ ልጆች ስትደውሉ «ተመችቶሻል? አትልፊ» ከማለት ይልቅ «እማዬ፣ ዛሬ የት የት ሄድሽ? ማንን ጠየቅሽ?» በሉ። እናት ልጇ የሚያስደስተውን ታውቃለች፤ መቀመጧ ካስደሰተው ትቀመጣለች፣ መራመዷ ካስደሰተው ትራመዳለች። በሚቀጥለው ገንዘብ ስትልኩም ከዕቃ በፊት ጥሩ ጫማ ይታሰብ።

*8. ጥንቃቄ*

ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ በቅርብ የወደቁ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወላጆች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ይሁን፣ ሆሳዕና ላላችሁ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሁን፣ ሂዱ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግር ቁስል ሳይሰማቸው ሊቀር ስለሚችል ከጉዞ በኋላ እግራቸውን እዩላቸው፤ ውዱእ ላይ እግር ስታጥቡላቸው በጣቶቹ መካከል መመልከት ቀላል ነው። ረመዷን ላይ ጉዞው ቀለል ብሎ ወደ ኢፍጣር ቅርብ ወይም ከተራዊሕ ጋር ይሁን፤ መድኃኒት የሚወስዱትም ስለ ጾሙ ራሱ ሐኪምና ዓሊም ይጠይቁ።

እየተራመዱ ደረት ላይ መጨነቅ ወይም ሕመም፣ ማዞር፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ያቁሙ፣ ሕክምናም ይፈልጉ። ልምምድ ሲጀመር የሚመጣ ቀላል የጡንቻ ሕመም ግን የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይተዋል።

*9. ለእኛ ለወጣቶቹ*

ይህ ትምህርት ለአባባና ለእማማ ብቻ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ የታተመ የለንደን ጥናት በባለ ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸረ። ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡት ሹፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ በሽታ የሚጠቁት በጣም ያነሱ ነበሩ። አንድ ድርጅት፣ አንድ አውቶቡስ፤ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ይቆማል። ባጃጅ የምትነዱ፣ ሱቅ የምትቀመጡ፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብላችሁ የምታጠኑ፣ ስልክ ላይ የምታመሹ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ዱራሜ አጠገብ ያለውን የሐምበሪቾን 777 ደረጃ በዓመት አንዴ ለፎቶ መውጣት ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ሰፈራችሁን መራመድ ግን ይበልጣል። አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያከማቸው እስከ 30 ዓመት ድረስ ነው። በ70 ዓመታችሁ የምትቆሙበትን እግር ዛሬ እየሠራችሁት ነው።

ወላጆቻችሁም የሚያምኑት የምታደርጉትን ነው። 300 ሜትር ለመሄድ ባጃጅ የሚጠራ ልጅ «አባባ፣ ይራመዱ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለዛሬ ጁሙዓ አንድ ሥራ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ወላጆቻችሁ አጠገባችሁ ካሉ ከዐስር በኋላ 10 ደቂቃ አብራችኋቸው ተራመዱ። ሩቅ ከሆናችሁ ደውሉና ዛሬ የት እንደሄዱ ጠይቁ። ወላጆቻቸው ወደ አኺራ የሄዱባችሁም የወላጆቻችሁን ጓደኛ፣ አጎት፣ አክስት ወይም ብቻቸውን የሚቀመጡ ጎረቤት አታጡም፤ ከወላጅ ሞት በኋላ ወዳጆቻቸውን መዘየር ከወላጅ ሐቅ የሚቆጠር ነው።

አላህ ለወላጆቻችን ጤናና ብርታት ይስጥልን። በራሳቸው እግር መስጂድ የሚደርሱ፣ በራሳቸው ጉልበት ሱጁድ የሚያደርጉ ያድርግልን። አልጋ ላይ ያሉትን ያሽራቸው፤ የሄዱትን ይማራቸው፤ እኛንም እርጅናቸውን በትዕግሥትና በእዝነት የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።

ለወንድምና እህታችሁ አስተላልፉ፤ በተለይ ውጭ ላሉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።